ለድሬ ሙቀት የሚሆን የዘወትር ልብስ፦ ካለሽ ተነስተሽ የራስሽን አለባበስ እንዴት ታገኛለሽ

ስፌት ቤት ስለምሠራ ማሽኑ ላይ ቁጭ ብዬ እያለሁ እንኳን በር ላይ ቆመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ልብስ ሞልቶኛል፣ ግን ጠዋት ከቤት ስወጣ የምለብሰው አጣለሁ፣ ምን ልግዛ?" ለእያንዳንዷ ከምደጋግመው አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

እዚህ ድሬዳዋ የብዙዎቻችን ልብስ ሁለት ጫፍ ላይ ነው ያለው። ቤት ውስጥ ሽቲ (ያ ቀጭኑ ሰፊ የቤት ቀሚስ) አለ፣ ከዛ ደሞ ለሰርግ፣ ለኢድ፣ ለጥምቀት ተብሎ በውድ የተሰፋው አለ። መሀሉ፣ ማለትም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሮ፣ ሱቅ፣ ክፍል፣ ገበያ የምትወጪበት ልብስ፣ እሱ ነው ወይ ባዶ የሆነው ወይ ከየትም የተለቃቀመው። ይሄ መመሪያ ስለዚህ ስለ መሀሉ ብቻ ነው። ደሞ ልብ በይ፣ ግዢ የሚመጣው 7ኛው ላይ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ካዘለልሽ እንደገና እዛው ነው የምትመለሽው።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ስልክሽ (ለፎቶ)
- የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ያ ለስላሳው፣ የአናጢው ብረት አይደለም
- መርፌ ቁልፍ፣ አስር አስራ ሁለት የሚሆን
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ሁለት ሦስት ትልልቅ ፌስታል ወይም ማዳበሪያ
- ሙሉ ቁመትሽን የሚያሳይ መስታወት (ከሌለሽ እህትሽ ፎቶ ታንሳሽ፣ ያው ነው)
- አንድ ጠዋት፣ ገና በ1 ሰዓት የሚጀመር፣ ምክንያቱም ከ5 ሰዓት በኋላ በድሬ ሙቀት ሀያ ልብስ ማውለቅና መልበስ ትሰለቺና ግማሹን ሳትሞክሪ መልሰሽ ትሰቅይዋለሽ

1. ለሁለት ሳምንት የልብስ ገመዱን ተከታተዪ

ምንም ሳታወጪ ምንም ሳትገዢ መጀመሪያ ይሄን። ልብስ አጥበሽ ባሰጣሽ ቁጥር ገመዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ በቃ ይሄው ነው። ምን እንደምትወጂ ሰው ሲጠይቅሽ ያማረውን ልብስሽን ነው የምትጠሪው፣ ገመዱ ላይ የሚወጣው ግን በእውነት ስትለብሺው የከረምሽው ነው። አንዳንዷ "ቀሚስ ነው የምወደው" ትለኛለች፣ ፎቶውን ስናየው ግን አንድ ቡናማ ሱሪና ሁለት ሰፋ ያሉ ሸሚዞች እየተመላለሱ ነው።

ሁለት ሳምንት ያልኩት በአንዱ ሳምንት ለቅሶ ወይ ሰርግ ገብቶ ሊያዛባብሽ ስለሚችል ነው።

2. ሁሉንም አልጋ ላይ አውጪው

ሁሉንም ስልሽ ሁሉንም፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውን፣ በር ጀርባ የተንጠለጠለውን፣ እናትሽ ቤት የቀረውን ጭምር። መጀመሪያ ሽቲውን ወደ አንድ ጥግ፣ የሰርግና የበዓሉን ወደ ሌላ ጥግ አድርጊ፣ ዛሬ አንነካቸውም። የተረፈውን እዪው፣ ብዙ ጊዜ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው፣ ያ ሁሉ ክምር ሲለይ የዘወትሩ ትንሽ ሆኖ ይገኛል።

አሁን አንድ በአንድ ልበሺው። በእጅሽ ይዘሽ አትፍረጂ፣ ልበሺና እጅሽን ወደ ላይ አንሺ (ባጃጅ ስትጠሪ እንደምታደርጊው)፣ ወንበር ላይ ቁጭ በይ፣ ጎንበስ በይ። ከዛ አራት ቦታ ክፈዪ፦

- የሚለበስ፣ ምንም የማይፈልግ
- ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄድ
- የሚሰጥ
- ያልቆረጥሽበት

ያልቆረጥሽበትን ፌስታል ውስጥ አስረሽ ላዩ ላይ ቀን ጽፈሽ አስቀምጪ። 3 ወር ሙሉ ፈልገሽ ካልፈታሽው ይሰጥ። "ስቀንስ እለብሰዋለሁ" የምትዪው ካለ አንድ ብቻ አስቀሪ፣ ከአንድ በላይ ሲሆን በየቀኑ ጠዋት ቁምሳጥን ስትከፍቺ የሚያስከፋሽ ነገር ነው፣ አሁን ያለው ሰውነትሽ ዛሬ ልብስ ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የእናትሽን ወይ የአያትሽን ልብስ በዚህ ሙድ ላይ ሆነሽ አትስጪ። ለብቻው አስቀምጪው።

3. የማትለብሺው ለምን እንደሆነ ጻፊ

ይሄ ዋናው ነው፣ አትዝለዪው። ልብስ ሰፊ ጋ በሚሄደውና በሚሰጠው ክምር ላይ እያንዳንዱ ልብስ ለምን እንደማይለበስ ደብተርሽ ላይ በአንድ መስመር ጻፊ። "አይመቸኝም" ብሎ ነገር የለም፣ የቱ ጋ ነው የማይመቸው? ብብቱ ነው? ወገቡ ነው? ስትቀመጪ ቁልፉ መሀል ይከፈታል? ያሳያል? ያሞቃል? አብሮት የሚሄድ ነገር ስለሌለ ነው?

አንዲት አስተማሪ ሰማያዊ ቀሚስ ይዛ መጣች፣ ልኳ ነው፣ ቀለሙ ያምርባታል፣ ግን ለብሳው አታውቅም፣ ለምን ስላት "እኔንጃ ያስጨንቀኛል" አለች። ገልብጬ ሳየው ላዩ ጥጥ ነው፣ ገበሩ ግን ከትከሻ እስከ ጉልበት ድረስ ፖሊስተር። አየር የማያስገባ ነገር ሰውነቷ ላይ ተለጥፎ ነው ላዩ ጥጥ ቢሆን ምን ይጠቅማታል። የላይኛውን ገበር አውጥተን ከወገብ በታች ያለውን ብቻ ተውነው፣ እንዳያሳያት። አንገቱንና ብብቱን በቀጭን ጥጥ ጠርዝ ዘጋነው። አሁን በሳምንት አንዴ ክፍል ለብሳው ትገባለች።

ለዛ ነው ጻፊ የምልሽ፣ ምክንያቱ ሲታወቅ ግማሹ ልብስ ይድናል፣ ሌላው ደሞ ሁለተኛ ምን እንዳትገዢ ይነግርሻል።

4. የራስሽን ደንብ አውጪ

"የራሴ ስታይል ምንድነው" የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የሚመለሰው። የገመዱን ፎቶዎች ክፈቺና ከተደጋገሙት ልብሶች የሚመሳሰለውን ፈልጊ። አንገቱ ክብ ነው ቪ ነው? እጅጌው የት ጋ ያልቃል? ቁመቱስ? ለቀቅ ያለ ነው ያዝ የሚያደርግ? ቀለሙ ደማቅ ነው ደብዘዝ ያለ? አበባ አለው ወይስ ሙልጭ ያለ ነው?

ከዛ አምስት መስመር የማይበልጥ ደንብ ጻፊ። ለምሳሌ የአንዷ ደንበኛዬ እንዲህ ነው፦

- እጅጌ እስከ ክርን፣ አጭር አይሆንም
- ከላይ ለቀቅ፣ ከታች ቀጥ ያለ
- ሙልጭ ያለ ቀለም፣ አበባው ሻሹ ላይ ብቻ
- ቡናማ፣ ነጭ፣ ጥቁር አረንጓዴ
- ብረት መተኮስ የሚፈልግ ነገር የለም

ይሄ ነው ስታይል የሚባለው፣ ገበያ ሄደሽ ይሄ ይሆናል ይሄ አይሆንም ብለሽ ለመቁረጥ የሚያስችልሽ ነገር። ቲክቶክ ላይ ያየሽውን ልብስ ከወደድሽው ደንብሽ አጠገብ አስቀምጪውና ከአምስቱ ሦስቱን ካሟላ አስቢበት፣ አንዱንም ካላሟላ እዛ ልጅቷ ላይ ይመር።

ሂጃብ የምታደርጊ ከሆነ ሂጃቡን የደንቡ አካል አድርጊው እንጂ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ አይሁን፣ ምክንያቱም ፊትሽ አጠገብ ያለው ቀለም እሱ ነው። ሦስት አራት ሙልጭ ያሉ የጥጥ ወይም የጀርሲ ሂጃብ ከሁሉም ልብስሽ ጋር የሚሄዱ ቢኖሩሽ ከሀያ ሺፎን ይሻላሉ፣ ሺፎን ይንሸራተታል፣ መርፌ ይፈልጋል፣ ቶሎ ቶሎ ማስተካከል ነው። አባያ ከሆነ ደሞ አብዛኛው ጨርቁ ፖሊስተር ስለሆነ ከውስጥ የምትለብሺው ቀጭን ጥጥ ይሁን፣ አባያውም ሰፋ ይበል፣ አየር የሚገባው በስፋቱ ነውና። ነጠላ የምታደርጊም ብትሆኚ ጥለቱን ከምታዘወትሪው ቀለም ጋር አስማሚው።

5. ሰውነትሽን ለኪ

ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት። በቀጭን ልብስ ላይ፣ ሜትሩን ሳታጠብቂ። ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ያዢው።

ለምን፦ መለያው ላይ ያለው ሳይዝ እንደ ሀገሩ ይለያያል። የአውሮፓ 40 ከእንግሊዝ 12 እና ከአሜሪካ 8 ጋር ይቀራረባል፣ የቻይናው ደሞ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ ኤክስኤል ብሎ ሚዲየም የሚሆን አለ። በሳይዝ አትመኚ፣ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት ለኪና በሁለት አባዢው። ለኛ ሙቀት የማይለጠጥ ጨርቅ ከደረትሽ ልክ ቢያንስ 8 እስከ 10 ሳንቲሜትር መብለጥ አለበት፣ ከዛ ካነሰ ቁልፉ ቢዘጋም ብብቱን ያልበዋል።

6. ልብስ ሰፊ ጋ ሂጂ

ከመሄድሽ በፊት ልብሱን እጠቢው። አዲስ ጥጥና ቪስኮስ መጀመሪያ ሲታጠብ ተሰብስቦ ያጥራል፣ ሳይታጠብ ካሳጠርሽው ከታጠበ በኋላ ሌላ ልብስ ሆኖ ነው የምታገኚው። ከዛ ለብሰሽ መስታወት ፊት ቆመሽ የሚያጥረውንና የሚጠበውን በመርፌ ቁልፍ ያዢው፣ የቁመት ከሆነ አብረሽ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ።

ቀላሉና ዋጋውም የማይከብደው፦ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ እጅጌ መቁረጥ፣ ዚፕ መቀየር፣ ገበር ማውጣት፣ ወገብ ላይ ላስቲክ ማስገባት፣ ኪስ መጨመር (ኪስ በጣም ነው የምመክረው፣ ስልክና የባጃጅ ብር በእጅ መያዝ ይቀርልሻል)።

ከባዱ፦ ትከሻ። ትከሻው የማይሆን ልብስ ተዪው፣ እጅጌው ተፈቶ እንደገና መሰፋት አለበት፣ ብዙ ጊዜ ወጪው ከልብሱ ዋጋ ጋር አይመጣጠንም። ማስፋት ደሞ የሚቻለው ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ካለ ብቻ ነው፣ ገልብጠሽ እዪ፣ ከጣት ጥፍር ያነሰ ከሆነ ተስፋ የለውም። ስታስጠብቢም "ትርፉን አትቁረጠው" በይ፣ ነገ ሊሰፋ ይችላል።

ሐረር ያለሽ ከሆነ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው በመኪና ግርግር መንገድ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን አውጥተው ስለሆነ የሚሠሩት ቀላል ቀላሉን እዛው ቆመሽ ማስጨረስ ትችያለሽ። ብቻ የመጀመሪያ ቀን አንድ ልብስ ስጪ፣ ሥራውን አይተሽ ሌላውን ትወስጃለሽ።

7. የጎደለውን ቁጠሪ፣ ከዛ ግዢ

አሁን የሚለበሰውና የተስተካከለው ተሰቅሏል። ሳምንትሽን አስቢ፣ ስንት ቀን ሥራ፣ ስንት ቀን ገበያ፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ። በሳምንት ሁለቴ የምታጥብ ሴት 5 ከላይ የሚለበስ፣ 3 ከታች፣ 2 ቀሚስ፣ 1 ቀላል ሹራብ ወይም ኮት፣ 2 ጫማ ካላት በደንብ ትንቀሳቀሳለች። ከዚህ ላይ ያለሽን ቀንሺና የጎደለውን ብቻ ዝርዝር ያዢ። ዝርዝሩ ላይ "ሸሚዝ" ብለሽ አትጻፊ፣ "ነጭ፣ ጥጥ፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ከቡናማው ጉርድ ጋር የሚሄድ" ብለሽ ጻፊ። እያንዳንዱ አዲስ ነገር ካለሽ ልብስ ቢያንስ ከሦስት ጋር መሄድ አለበት፣ ካልሄደ ራሱን ችሎ ሌላ ወጪ ያስወጣሻል።

ጨርቅ እንዴት ትለያለሽ። ታይዋን ገበያ ሆነ አሸዋ ገበያ ሻጩ ሁሉንም "ጥጥ ነው አቦ" ይልሻል። ስለዚህ፦

- ጫፉን ጨምቀሽ ትንሽ ይዘሽ ልቀቂው። ጥጥ ይጨማደዳል፣ ፖሊስተር ወዲያው ይዘረጋል።
- እጅሽን ከጨርቁ ጀርባ አድርገሽ ወደ ብርሃን ያዢው። ጣቶችሽ ጥርት ብለው ከታዩ ፔቲኮት ይፈልጋል።
- የስፌት መለያው ካለ አንብቢው፣ ከግማሽ በላይ ጥጥ፣ ቪስኮስ ወይም ሊነን ከሆነ ለድሬ ይሆናል።
- ጨርቅ በቁራጭ ከገዛሽ ቤት ወስደሽ ክር መዘሽ አቃጥይ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ይቀልጣል፣ የላስቲክ ሽታ አለው፣ ሲበርድ ጠጣር ፍሬ ሆኖ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የምታቃጥይው አንድ ክር ብቻ ነው፣ በመቆንጠጫ ይዘሽ፣ ከታች ውሃ ያለበት ሳህን አድርገሽ። የቀለጠ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ በእጅሽ አትያዢው፣ ልጆች ባሉበትም አታድርጊው።

አንድ የምወደው ነገር ልንገርሽ፣ ለሽቲ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ጥጥ ለዘወትር ቀሚስና ለሸሚዝ በጣም ይሆናል። ቀለሙ ረጋ ያለውን መርጠሽ ኮሌታ ያለው፣ ፊት ለፊት ቁልፍ ያለው ቀሚስ አሰፊው፣ ማንም ሽቲ ነው አይልሽም፣ ሰውነትሽ ግን ያውቀዋል። ለሸሚዝ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ለረጅም ቀሚስ 3 ሜትር አካባቢ ይበቃል፣ የጨርቁን ወርድ ለሰፊሽ ንገሪው። ሲያሳይ ከወገብ በታች ብቻ የጥጥ ገበር።

ሰልባጅ ከሆነ የምትገዢው ከድንኳኑ ስር አውጥተሽ ፀሐይ ላይ እዪው፣ ብብቱን፣ የሱሪውን መሀል፣ አንገቱን፣ ዚፑን ከፍተሽ ዝጊው። ቤት ስታመጪው ከሌላ ልብስ ጋር አትቀላቅዪው። የሚችል ጨርቅ ከሆነ በሙቅ ውሃ አጥበሽ በካውያ ተኩሺው፣ ሙቅ የማይችል ከሆነ ፌስታል ውስጥ አጥብቀሽ አስረሽ ለ1 ሳምንት አስቀምጪና ከዛ እጠቢው። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ውጪ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ብዙም አይቆይም፣ ሳምንቱ ለዛ ነው። የውስጥ ልብስ ግን ሰልባጅ አትግዢ።

ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዢ፣ እግር በሙቀት ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብሻል። ሶሉ ዙሪያውን የተሰፋ ቢሆን ይመረጣል፣ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ቶሎ ይከፈታል።

8. አዛምደሽ ፎቶ አንሺ

እሁድ ከሰዓት ከላይና ከታች፣ ሻሽና ጫማ ጭምር አዛምደሽ አልጋ ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ፣ ስልክሽ ላይ "ልብስ" የሚል አልበም ክፈቺ። ጠዋት ተቻኩለሽ ስትነሺ አልበሙን ከፍተሽ መምረጥ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም ጨለማ ውስጥ ሆነሽ አታዛምጂ።

9. አጠባና ማስጣት

የድሬ ውሃ ኖራ አለው፣ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሳሙና ከሱ ጋር ሲገናኝ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ነጩ ልብስ ግራጫ የሚመስለው፣ ጥቁሩ ሻካራ የሚሆነው ለዛ ነው። ሳሙና ከመጨመር ይልቅ አንድ ጊዜ ጨምረሽ አለቅልቂ፣ የመጨረሻው ላይ በአንድ ባልዲ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ብትጨምሪ ጨርቁን ያለሰልሰዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ አቼቶና በረኪና በፍጹም አንድ ላይ አይሁኑ። ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪና በተጠቀምሽበት ቀን አቼቶውን ተዪው።

የብብት ቢጫ እድፍ ላይም በረኪና አታድርጊ፣ ቢጫውን ያባብሰዋል። ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ ቀቢው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እሺው። ባለቀለም ልብስ ገልብጠሽ ጥላ ስር አስጪ፣ ድሬ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ጥቁር ሸሚዝ ቶሎ ነው የሚነጣው፣ ጥላ ስርም ቢሆን እዚህ ቶሎ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ነጭ ልብስ ስር ነጭ ጡት መያዣ ማድረግ። ከላይ ጎልቶ ይታያል። የቆዳሽን ቀለም የሚመስል ቡናማ አድርጊ፣ አይታይም።

ግራጫ ካናቴራ። ላብ ከሁሉም በላይ የሚያሳየው ግራጫ ነው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ደቀቅ ያለ አበባ ያለው ይደብቃል።

ሙቀት ነው ብሎ የሚያጣብቅ ስስ ነገር መልበስ። ቀዝቀዝ የሚያደርግሽ በሰውነትሽና በጨርቁ መሀል የሚያልፈው አየር ነው፣ ረጅምና ሰፊ ጥጥ ከአጭርና ጠባብ ፖሊስተር ይሻላል፣ ክንድሽንም ከፀሐይ ይከልልልሻል።

ሙሉ ለሙሉ በአንድ ቀን መግዛት። ሁለት ነገር ግዢ፣ ሁለት ሳምንት ልበሺ፣ ገመድ ላይ ከወጡ ቀጥዪ።

የድሬን ልብስ ለብሶ ሐረር መሄድ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስተሽ ወደ 1,900 የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው የምትወጪው፣ የደንገጎን ዳገት ስትጀምሪ የመኪናውን መስኮት ትዘጊያለሽ፣ በተለይ ህዳርና ታህሳስ ማታ ይበርዳል። ያቺ 7ኛው ላይ ያልኳት ሹራብ ለዚህ ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልላ የምትገባ ቀጭን ትሁን፣ ጁገል (በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር) ውስጥ ለመሄድ ደሞ ታኮ ተዪና የማያንሸራትት ፍላት ጫማ አድርጊ፣ ድንጋዩ በብዙ እግር ተረግጦ ለስልሷል።